ቀሪ ሁለት ብር

ናዝሬት፣ ለገሃር ፊት፣ ጋሪ ከሚቆምበት፣
ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት፤
ከኋላ ግድግዳዋ በዘይት ቀለም ሐይቅ፣
ሐይቁ ላይ ጀልባ አለ፣ የትም የማይዘልቅ።
እኔ የጋሽ ቢልልኝ ልጅ እግር ረዳት ነበርሁ፤
መብራት አዞራለሁ፣ ኮሌታ አቃናለሁ፣
"አገጭህን ዝቅ፣ ወንድሜ፣ እንዳትስቅ" እላለሁ።

በስልሳ ዘጠኝ ክረምት ባቡሩ ሲያጓራ፣
ወደ ምሥራቅ ሊጭናቸው፣
በራችን ላይ ቆሙ ተራ በተራ፤
ጭቃ የበላው ጫማ፣ አዲስ የተላጨ ራስ፣
ለብዙዎቹ ገና አልደረሳቸውም ልብስ።
እኛ ጋ አንድ ኮት አለ፣ ካኪ፣ ባለ አራት ኪስ፣
ለቀጭን ለወፍራሙ በተራ የሚለበስ።
ሦስተኛው ቁልፉ የለም።
ጋሽ ቢልልኝ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ሆኖ፦ "እጅህን
እዚህ ላይ አርግልኝ፤ ሸፍንልኝ ቀዳዳውን።"
ስለዚህ በዚያ ክረምት የተነሡት ሁሉ
እጃቸው ከደረታቸው፤
የማሉ ይመስላሉ።

ዋጋው አራት ብር ነው፤ ሁለቱ ቀብድ፣ ሁለቱ ቀሪ።
"መቼ ልምጣ?" ይላሉ።
"ሐሙስ።"
ባቡሩ ረቡዕ ይሄዳል።

ሐሙስ መጣ። ሌሎች ሐሙሶችም መጡ።
ፊቶቹ በጫማ ካርቶን ገብተው ተቀመጡ።
"የሰው ፊት አይጣልም" አለ ጋሽ ቢልልኝ፤
ሐምሌ በመጣ ቁጥር "ካርቶኑን አውርድልኝ"፤
እንዳይጣበቁ ብሎ አንድ ባንድ ይለያል፣
እፍ ይላል አቧራውን፣ ከጀርባ ስም ያነባል፣
መልሶ ይደረድራል።
ጸሎት ነው አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁም።
ሊሞት ሲል አደራ ያለኝ ካርቶኑን ነው፤ ካሜራውን አይደለም።

ባቡሩ ቆመ። ጋሪው ባጃጅ ሆነ። ናዝሬት አዳማ ተባለች።
ባለፈው ጥር አንዲት አሮጊት ከወንጂ መጣች፤
አዴ ዲንቂቱ ነው ስሟ። መቀነቷን ፈታች፣
ከላስቲክ ውስጥ ላስቲክ፣ ከዚያ ውስጥ ደረሰኝ፦
ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት።
"የለሜሳን ስጠኝ።"

"እናቴ፣ እስከ ዛሬ..." ብዬ ሳልጨርስ፦
"ደረሰኙን በሰው ላከው፣ ሐሙስ ውሰጂልኝ ብሎ።
አልወሰድሁም። መርዶውን ነግረውኝም አልወሰድሁም።
ፎቶው ከወጣማ ይለቀስበታል!
ድንኳን ይተከላል፣ በሰው እጅ ይዞራል።
እዚህ እስካለ ግን፣ አልሁ፣
ልጄ ሐሙስን እየጠበቀ ነው።
አሁን ዓይኔ ደከመ።
እኔ ከሄድሁ ማን ያለቅስለታል?"

በበሩ ብርሃን ያዘችው። ቆየች።
"እጁን ምን ነካው? ልቡን ያመው ነበር?"
ለአገሩ ምሎ ነው ልላት ነበር፤ አፌ እምቢ አለ።
"ቁልፍ ነው" አልኋት። "ኮቱ ቁልፍ አልነበረውም።"
ሳቀች፣ በተረፏት ጥርሶች፦
"እሱ እኮ ቤትም ሳለ ቁልፍ አይበረክትለት፤
ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ የምተክልለት።"
እንባው የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው።

ሁለት ድፍን ብር ዘረጋች። "ይተዉት" አልኋት።
"እንዴት ተብሎ? ልጄ ሙት ነው እንጂ ባለዕዳ አይደለም።"
ተቀበልሁ። "ተከፍሏል" ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ።

ቅዳሜ ለልቅሶው ወንጂ ወረድሁ።
ከሸንኮራው ዳር ድንኳን፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ፤
"ቃሉን ያልበላ!" ትላለች አልቃሿ፣ "እጁ ምስክር ነው!"
ሰዉ ደረቱን ይደቃል።
አዴ ዲንቂቱ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፤
አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ፣ ጉልበቷ ላይ፣
መርፌም ክርም ሳይኖር፣ ቁልፍ ይተክላሉ።

ካርቶኑ ውስጥ አርባ ስድስት ሰው ቀርቷል፣ እጁ ደረቱ ላይ።
ዛሬ ረቡዕ ነው።
ነገ በሩን በጊዜ እከፍታለሁ።